ዳማው በወይራው በየት በኩል ታጠፈ

ባለቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ሲጋልብ የራሱ ፈረስ ኖሮት አያውቅም። የሚጋልበው የሰው ፈረስ ነበር። ከኅዳር ጽዮን እስከ ሚያዝያ ጊዮርጊስ፣ በዓል ባለበት ሜዳ ሁሉ ባለፈረሶች ይልኩበታል፤ እሱም ኮርቻውን በትከሻው ተሸክሞ በእግሩ ይሄዳል። ሐሙሲት፣ ይፋግ፣ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ጉና ሥር ወዳለው ቤታችን። መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ «ፈረሰኛው፣ ፈረስህ አንተን ጥሎ ሄደ ወይስ አንተ እሱን?» ይለዋል። እሱም ይስቃል። ልጆቼ ከፍ ካሉ ወዲህ እኔም ስንቁን ይዤ እከተለው ጀመር። ብቻውን ሲሆን እህል አይቀምስም፤ ደግሞም አሸነፍኩ ሲለኝም ተሸነፍኩ ሲለኝም በዓይኔ ማየት ፈለግሁ።

ሥራው የሚጀምረው ከሩጫው ቀን በፊት ነው። ባለፈረሱ ቤት ሳምንት ሲቀረው ይደርስና ከፈረሱ ጋር ጋጣ ውስጥ ያድራል። ገብሱን በእጁ ያበላዋል። ቀን ጋቢውን ፈረሱ ላይ ጣል ያደርግና ማታ ራሱ ይለብሰዋል፤ ሽታቸው አንድ መሆን አለበት ይላል። ያንን ጋቢ ያጠብኩት እኔ ስለሆንኩ ሽታው አንድ መሆኑን እመሰክራለሁ። የፈረሱን አፍ እስኪያውቅ ድረስ ልጓሙን ጠበቅ አያደርግም። «አፉን ያላወቅኸው ፈረስ የት እንደሚያደርስህ እሱም አያውቅም» ይል ነበር።

እግሩን ደግሞ ልናገር። በእኛ አገር ኮርቻ ላይ እርካቡ ጠባብ የብረት ቀለበት ነው፤ ሙሉ እግር አይገባበትም። ጋላቢው በባዶ እግሩ ሆኖ አውራ ጣቱንና ተከታዩን ብቻ ያስገባና ቀለበቱን ቆንጥጦ ይይዛል። ፈረሱ ሲታጠፍ ሰውየውን ከመውደቅ የሚያስቀረው ያ የጣት ጉልበት ነው። የባለቤቴ አውራ ጣት በቀለበት ብዛት ከሌሎቹ ርቆ ወደ ጎን ወጥቶ ነበር። ልጆቹ «የአባባ ጣት ከወንድሞቹ ተጣልቶ ለብቻው ጎጆ ወጥቷል» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ጫማ የሚባል ነገር ልኩ ሆኖ አያውቅም።

ካሸነፈ የሚወደሰው ባለፈረሱ ነው። አቀንቃኙ የፈረሱን ስም ያነሳል፣ የባለፈረሱን አባትና አያት ያነሳል፣ ከዚያ ወደ ድግሱ ይገባል። ጋላቢው ጎድኑ ተሰብሮ እንደሆን ማንም አይጠይቅም። ተሰብሮ ያውቃል፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወስጄ ሁለት ሳምንት ዘፍዝፌዋለሁ። ይኼ ነገር እኔን አይጥመኝም ነበር፤ እሱ ግን «ፈረሱ ያውቀዋል፣ ይበቃኛል» ይላል።

ከሁሉ አብዝቶ የጋለበው ዳማውን ነው። ዳማው፣ ጠጉሩ ቀላ ያለ፣ የአንድ ሽማግሌ ባላባት ፈረስ ነበር። መሬታቸው ለጭሰኞች ከታደለ በኋላ ለሽማግሌው የቀራቸው ቤታቸውና ይኸው ፈረስ ብቻ ነበር። ያኔ ሌሎቹ ባለፈረሶች አንድ በአንድ ጠፍተው ነበር፤ የሸጠ ሸጠ፣ ወደ ከተማ የገባ ገባ። ባለቤቴም የሚጠራው ሰው አጥቶ ዳማው ብቻ ቀርቶት ነበር። ሽማግሌው ሲሞቱ ወራሽ አልነበራቸውምና ፈረሱ ለገበሬ ማኅበራችን ሆነ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር የድንበር ጎረቤታችን ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ውቂያው አልቆ ለመንግሥት የሚሸጠው ገብስ በሚጓጓዝበት ሰሞን እቤታችን መጣና በሩ ላይ ቆሞ፣

«ዳማው ከሰኞ ጀምሮ እህል ይጭናል» አለ።

«ይኼ ፈረስ ጭነት አያውቅም» አለው ባለቤቴ።

«እኔም ሊቀ መንበርነት አላውቅም ነበር፤ ለመድኩ።»

«አንተን ማን ጋለበህ?»

ሊቀ መንበሩ ከሳቀ በኋላ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ፍርድ አውቃለሁ ትያለሽ። ሴቶቹ ስልቻ በጀርባቸው አዝለው ግማሽ ቀን ተጉዘው ደብረ ታቦር መጋዘን ያስገባሉ። ፈረሱ ቆሞ ገብስ ይበላል። እስቲ ፍረጂ።»

ስልቻ ከሚያዝሉት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። ጎረቤቴ የሰባት ወር እርጉዝ ሆና ስትሸከም አይቻለሁ። በምን አፌ ፈረሱ አይጫን ብዬ ልከራከር? ነገር ግን ባለቤቴ ጋጣው በር ላይ ተቀምጦ መሬቱን ሲያይ፣ ይኼ ፈረስ ጭነት ከገባ እሱም አብሮ እንደሚያበቃለት ገባኝ። ጭነት የገባ ፈረስ ጀርባው ይቆስላል፣ አንገቱ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ለሩጫ አይመለስም።

«ደብረ ታቦር ላይ የገበሬ ማኅበራት የፈረስ ሩጫ አለ ተብሏል፤ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል» አልኩት ሊቀ መንበሩን። «እስከዚያ የዳማውን ድርሻ እኔ እሸከማለሁ፤ ሌሎቹ ሴቶች በየሁለት ቀኑ ሲሄዱ እኔ በየቀኑ እሄዳለሁ። ከቀደመ ፈረሱ ከጭነት ይቅር፤ የማኅበሩም ስም ይነሳል።»

«ካልቀደመስ?»

«በማግስቱ ጫነው። አልናገርህም።»

«አንቺ? አትናገሪም?» አለና ተስማማን።

ሦስት ሳምንት ተሸከምኩ። ባለቤቴም ሦስት ሳምንት ጋጣ አደረ። ማታ እኔ ጀርባዬን ቅቤ ተቀብቼ ስተኛ እሱ የፈረሱን እግር ያሽ ነበር። አንድ ቀን «የኔን ማን ይሸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «አንቺ አትሮጪም» አለኝ።

የሩጫው ቀን ከደብረ ታቦር ከተማ በታች ያለው ሜዳ በሰው ሞላ። ሰባት ፈረስ ቀረበ። እንግዶች ከይፋግም መጥተው ነበር፤ እነሱ አንድ አምባላይ ይዘዋል፣ እንደ ወተት ነጭ የሆነ። የአምባላዩ ባለቤት ሸበቶ ሽማግሌ ናቸው፤ የሚጋልበው ልጃቸው ነው። ሩጫው እንዲህ ነበር፦ ከመነሻው ሜዳውን አቋርጦ መሄድ፣ ጫፉ ላይ ብቻውን የቆመውን ወይራ በግራ ትቶ መዞር፣ ወደ መነሻው መመለስ።

አዘጋጁ ወጣት ሠራተኛ ነበር፤ ፊሽካና ወረቀት ይዟል። ፈረስ የሚያውቀው ጋሪ ሲጎትት ነው። ጋላቢዎቹን ሰብስቦ፣ «ጓዶች፣ በባዶ እግር መጋለብ ኋላ ቀርነት ነው» ካለ በኋላ ከከረጢት አዳዲስ ሸራ ጫማ እያወጣ አደላቸው። ባለቤቴ በግድ አጠለቀው። ከዚያ ኮርቻው ላይ ወጥቶ እግሩን ወደ ቀለበቱ ቢልከው አልገባም።

«እንዴት ነው?» አልኩት።

«የሌላ ሰው እግር የገጠሙልኝ ይመስለኛል።»

ወደ ወጣቱ ሄድኩ። «ልጄ፣ በዚህ ጫማ እርካብ አይያዝም።»

«እናቴ፣ ለሁሉም እኩል ጫማ ነው የተሰጠው። እኩልነት ማለት ይኼ ነው።»

«ጫማው እኩል ነው፤ እርካቡስ? የይፋጎቹን እይ። ያ የወታደር ኮርቻ ነው፤ እርካቡ ሰፊ ነው፤ ጫማ ከነእግሩ ይውጣል። ወይ የሁሉም እርካብ ይስፋ፣ ወይ ሁሉም ጫማውን ያውልቅ።»

«ፕሮግራሙ ጸድቋል እናቴ።»

ይኼ ቃል ከመጣ በኋላ ነገር እንደማይመለስ በስብሰባ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ቢሆንም ቆሜ ስከራከር የይፋጉ ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ያዳምጡኝ ነበር። ወጣቱ ወይራው ዘንድ የሚቆም ታዛቢ ሲፈልግ፣

«ይቺን ሴት አቁሟት» አሉ።

«የጋላቢው ሚስት እኮ ናት» አለ አንዱ።

«አውቃለሁ። ሐሙሲት ላይ የባሏ ፈረስ በአፍንጫ ተቀድሟል ብላ ስትመሰክር ቆሜ ሰምቻለሁ። ያን ዕለት ባለፈረሱ ባሏን እራት ነፍጎታል።»

«እኔንም ነፍጎኛል» አልኳቸው። ሰው ሳቀ። እኔም ወደ ወይራው ሄድኩ።

ከወይራው ሆኜ ሰዎቹ የሚታዩኝ እንደ ጉንዳን ነበር። ፊሽካው ሲነፋ አልሰማሁም፤ አቧራው ተነሣ። መጀመሪያ አምባላዩ ብቅ አለ፣ በአንገት ልዩነት ዳማው ከኋላው። ባለቤቴ ጋማው ላይ ተኝቶ ነበር። አምባላዩ ወይራውን ሊዞር ሰፋ ብሎ ወጣ። ዳማውም ሊከተለው ሲያዘነብል የባለቤቴን እግር አየሁ። የእርካቡ ቀለበት ባዶውን ይወዛወዛል፤ ሸራ ጫማው አየር ይረግጣል። ሰውየው ወደ ግራ ተንሸራተተና ጋማውን ጨበጠ። ፈረሱ ክብደቱ ወደ ወደቀበት ታጠፈ፤ ወይራውን ሳይዞር፣ ከወይራው ወዲህ፣ በመነሻው በኩል። ባለቤቴ እንደምንም ተቃንቶ ሲቀመጥ ፊቱ ወደ መነሻው ነበር፣ ከፊቱም ማንም አልነበረም። የኋለኞቹ አምስት ፈረሶች አቧራ ውስጥ ነበሩ። የአምባላዩ ጋላቢ ጀርባውን ሰጥቶ ገና እየዞረ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ዳማው ቀድሞ ገባ። ጩኸቱ እስከ ወይራው ደረሰኝ።

ያን ሜዳ ስመለስ የተራመድኩትን ያህል ረጅም መንገድ ስልቻ ተሸክሜም ሄጄ አላውቅም። ዝም ብል ፈረሱ ይተርፋል፣ ባለቤቴም ሥራው ይተርፋል። ጫማውን ያስደረጉት እነሱ ናቸው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ይኼን ሁሉ ለራሴ ነገርኩት፣ ሁሉም እውነት ነበር። ግን ወይራው ሥር ያቆሙኝ ጥፋቱ የማን እንደሆነ እንድፈርድ አይደለም። ፈረሱ በየት በኩል እንዳለፈ እንድናገር ነው። ለጫማው ስጮኽ እውነት እንዲሰማ ፈልጌ ነበር፤ አሁን በእኔ ወገን ላይ ስትመጣ ልዋጣት?

ስደርስ ሊቀ መንበራችን ነጠላውን በዳማው አንገት ላይ አስሮ እስክስታ ይመታል። ወጣቱ ወረቀቱን ይዞ፣ «እናቴ፣ ሁሉም ዞረዋል?» አለኝ።

«ስድስቱ ዞረዋል። ዳማው ከወይራው ወዲህ ታጥፏል።»

እስክስታው ቆመ። «ፀሐይ መቷት ነው» አለ ሊቀ መንበሩ። ከሰው መሐል አንዱ፣ «ባሏን ልትፈታ ከሆነ ሰበብ አጥታ ነው?» አለ። የሳቀ አልነበረም።

ወጣቱ ወደ ባለቤቴ ዞረ። ባለቤቴ ገና ከፈረሱ አልወረደም ነበር።

«እኔ ጋማ ጨብጬ እየወደቅሁ ስለነበር ወይራው በየት እንደቀረ አላየሁም» አለ። «ቆማ ያየችው እሷ ናት።» ከዚያ ወረደና ጫማውን አውልቆ ለወጣቱ መለሰለት።

«ይኼንም ጻፍ» አልኩት ወጣቱን። «ፈረሱ የታጠፈው ጣቱ እርካብ ስላልያዘ ነው። እርካብ ያልያዘው ጫማ ስላጠለቀ ነው። ጫማ ያጠለቀው አንተ ስላዘዝከው ነው።»

«ለዚያ ቅጹ ላይ ቦታ የለውም እናቴ።»

«እንግዲያ ጀርባው ላይ ይጻፍ።»

እንድፈርም ወረቀቱን ሰጠኝ። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ከቆጠርኩ ዓመት አልሞላኝም ነበር። በፊት ገጹ ስሜን ጻፍኩ፤ ገልብጬ በጀርባው «በጫማ ምክንያት» ብዬ ጨመርኩ። ሁለት ቃል ጽፌ እስክጨርስ ፈረሶቹ ላባቸው ደረቀ። ማንም አልቸኮለም። ሽልማቱ ለአምባላዩ ሆነ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሊቀ መንበሩ ፊት ፊት ይሄዳል። ባለቤቴ ፈረሱን እየሳበ ይከተላል። ወንዝ ስንደርስ ዳማውን ውሃ እያጠጣ፣ «ባትናገሪ ኖሮ እኔ እናገር ነበር ይመስልሻል?» አለኝ።

«አላውቅም።»

«እኔም አላውቅም» አለና ተሻገርን።

በማግስቱ ዳማው ተጫነ። ባለቤቴ ማንም እንዳይነካው ብሎ ራሱ ጫነው፣ ራሱ ሳበው። ፈረሱ ግን ሥራውን ከሩጫ ሊለየው አልቻለም። ከኋላው የሰኮና ድምፅ በሰማ ቁጥር ልቀደም ነው ብሎ ይፈተለካል፤ ስልቻው ይቀደዳል፤ ገብሱ መንገድ ለመንገድ ይዘራል። ሴቶቹ ሥራቸውን ትተው አፈር ላይ ገብስ ለቃሚ ሆኑ። እርጉዟ ጎረቤቴ ወገቧን ይዛ ቀና አለችና፣ «ይኼ ፈረስ እንዲህ የሚያግዘን ከሆነ እሱንም እኛው አዝለነው ብንሄድ ይሻላል» አለች። በሦስተኛው ሳምንት ጀርባው ላይ እንደ መዳፍ የሰፋ ገጣባ ወጣ። ባለቤቴ ምግብ መብላት ተወ። እኔ ያደረግሁትን አልጸጸትበትም፤ ነገር ግን ያን ቁስል ማጠቡን ለሌላ ሰው አልተውኩም።

በዚህ መሐል የይፋጉ ሽማግሌ መጡ። ልጃቸው ሰፊ ደረት ያላት የጭነት በቅሎ ይስባል። ሊቀ መንበሩ ደጅ ተቀመጡ፤ እኛንም አስጠሩን።

«ይቺ በቅሎ የሁለት ፈረስ ትጭናለች» አሉ። «እሷን ውሰዱና ዳማውን ስጡኝ። ጋላቢውም ለእኔ ይጋልብ።»

ሊቀ መንበሩ ተጠራጠረ። «አባባ፣ አሸንፈውን ሳሉ? ገጣባ ላለበት ፈረስ ይህችን የመሰለች በቅሎ ይሰጣሉ?»

«ልጄ በሰፊ እርካብ ተቀምጦ በአንገት ብቻ ነው የቀደመው። በጠባቡ ቢሆን የት ይቀር እንደነበር እሱም ያውቃል።» ልጃቸው ፊቱን ወደ በቅሎዋ አዞረ። «ደግሞ ፈረሴን እንዲህ ያለች ሚስት ላለችው ሰው ሰጥቼ ይፋግ ብቀመጥ እንቅልፍ አላጣም። ቢያጠፋ ከእሱ ቀድማ የምትነግረኝ እሷ ናት።»

«እሱስ ልክ ነው» አለ ባለቤቴ። ከሩጫው ወዲህ ሲቀልድ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ሊቀ መንበሩ እሺ ሊል ሲል፣ «ቆይ» አልኩት። «ፈረሱ የማኅበሩ ነው። የሚሸከሙት ሴቶች ይጠየቁ።»

«አሁንም አንቺ?»

«አሁንም።»

ሴቶቹ ተጠሩ። በቅሎዋን ዞረው አዩ፣ እግሯን ዳሰሱ፣ አፏን ከፈቱ። አንዷ «ትራገጣለች?» ብትል ሌላዋ «ስብሰባ ካላበዛችሁባት አትራገጥም» አለቻት። ሊቀ መንበሩም አብሮ ሳቀ። በመጨረሻ እርጉዟ ጎረቤቴ ሁለቱንም እጇን አወጣች፤ አንዱ ይበቃል ብትባል «አንዱ የልጄ ነው» አለች። የተቃወመ አልተገኘም።

ባለቤቴ ያኔ ተነሥቶ አንድ ነገር ጠየቀ። «ክረምቱን ይፋግ አያድርም። እዚያ ያለው የፎገራ ሜዳ ረግረግ በዝናብ ጊዜ ፈረስ ይገድላል። ከሰኔ እስከ መስከረም እኔ ዘንድ፣ ጉና ሥር ይከርማል።»

ሽማግሌው፣ «አንተም አብረኸው?» አሉ።

«እኔም አብሬው።»

«ደግ። እሷም ትጠብቃችሁ» አሉና በከዘራቸው ወደ እኔ ጠቆሙ።

ገጣባው እስኪሽር ፋሲካ አለፈ። ማለዳ ማለዳ በጨው ውሃ አጥበዋለሁ፣ ባለቤቴ ራሱን ይይዝልኛል። ቁስሉ ሲጠግ በላዩ ነጭ ጠጉር አበቀለ። ለጊዮርጊስ ይፋግ ወረድን። እዚያ ጫማ የሚያድል አልነበረም፤ ሽማግሌው ደግሞ ሰፊ እርካብ ያላቸውን ጠባብ እንዲያስሩ አስማምተው ጠበቁን። የገዛ ልጃቸው በባዶ እግሩ ሲቸገር ባለቤቴ ጣቱን እንዴት ማስገባት እንዳለበት ሲያሳየው አየሁ።

ዳማው ሦስተኛ ገባ። ባለቤቴ ወረደና ኮርቻውን አንሥቶ ጀርባውን በመዳፉ ዳበሰው፤ ነጩ ጠጉር በላብ ርሶ ነበር፣ ቆዳው ግን ደህና ነበር። የባለቤቴ ልብ ተሰብሮ እንደሆን ለማየት ፊቱን አየሁት። ዳማው በአፍንጫው ትከሻውን ይገፋዋል፤ እሱ ይስቃል።

«ትንፋሹ ገና ነው» አለኝ። «ክረምቱን ጉና ላይ ዳገት አወጣዋለሁ። ለጽዮን ታዪዋለሽ።»